ክረምት ሲገባ ብስክሌቱን አትስቀሉት፦ አዲስ አበባ ዙሪያ በዝናብ ወቅት የሚነዳ መንገድ አፈላለግ

ሰኔ ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ማውንቴን ባይክ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። «መስከረም ይጥባና እናወጣዋለን» ይባላል። ሦስት ወር ሙሉ እግር ይሰንፋል፣ ትንፋሽ ይጠፋል። ሌላው ደግሞ በጋ ላይ የለመደውን መንገድ ሐምሌ ላይ ይዞ ይወጣል። ግማሽ ቀን ከጭቃ ጋር ሲታገል ውሎ ብስክሌቱን ተሸክሞ ይገባል። ያ ሰው በሚቀጥለው ክረምት ከሚሰቅሉት ጋር ይደባለቃል።

ሁለቱም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ዙሪያ ክረምቱን ሙሉ የሚነዳ መንገድ አለ። የሚፈለግበት ዘዴ ግን ከበጋው ይለያል። በበጋ መንገዱን ትመርጣላችሁ። በክረምት መጀመሪያ አፈሩን ትመርጣላችሁ። አፈሩ ከተገኘ መንገዱ አይጠፋም።

ከዚህ በታች የምጽፈው አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ይዞ ነው። ሌላ ከተማ የምትኖሩም ዘዴውን ወስዳችሁ በራሳችሁ መሬት ላይ ሞክሩት።

1. አፈሩን ለዩ

ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

አዲስ አበባ ዙሪያ ለብስክሌተኛ የሚጠቅመው ሦስት ዓይነት መሬት መለየት ነው፦ ዋልካ፣ ቀይ አፈር እና ሬድ አሽ።

ዋልካ ጥቁሩ አፈር ነው። መረሬም ይባላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል፤ አብዛኛውም ደጋ ላይ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያበጠ ዋልካ ውሃውን ወደ ታች አያሳልፍም፤ ይዞት ይቀመጣል። ስለዚህ ዛሬ ዘንቦበት ነገ አይደርቅም። ፀሐይ ያላቸው ተከታታይ ቀናት ይፈልጋል፤ ሐምሌ ደግሞ እነዚህን ቀናት አይሰጥም። ጎማ ላይ ሲጣበቅ በየዙሩ እየወፈረ ይሄዳል። ፍሬኑ ጋ ሲደርስ ጎማው መዞር ያቆማል። ካቴናው ውስጥ ከገባ ማርሹ ይዘላል፤ ገፋችሁ ከቀጠላችሁ የኋላው የማርሽ መቀየሪያ ሊሰበር ይችላል።

የት ይገኛል? አቃቂ፣ ቃሊቲ፣ ዝቅ ያለው የቦሌ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ዱከም የሚዘረጋው ሜዳ። ቀለሙን ለመለየት ባትችሉ እንኳ ምልክቶች አሉት። ሽምብራና ጓያ በክረምቱ ማብቂያ የሚዘሩበት ማሳ ብዙ ጊዜ ዋልካ ነው። ገበሬው ዘሩን የሚያዘገየው ውሃው ስለሚተኛበት፣ በኋላ ደግሞ አፈሩ የያዘው እርጥበት ሰብሉን ስለሚያደርስለት ነው። ሕንፃ ሲሠራ ጥቁሩን አፈር ቆርጠው አውጥተው በምትኩ ገረጋንቲ ሲሞሉ ካያችሁም ያው ነው። መሐንዲሱ ያልወደደውን አፈር እናንተም አትውደዱት።

ቀይ አፈር ሌላ ነገር ነው። እሱም ሸክላ አለበት፤ ግን ውሃ ያሳልፋል። ትንሽ ተዳፋት ካገኘ ሌሊት የጣለው ዝናብ እስከ ረፋድ ድረስ ከላዩ ይወርድለታል። እንጦጦ ወገብ ላይ የምታገኙት ባብዛኛው ይህ ነው፤ ድንጋይም ይቀላቀልበታል። ድንጋይ የበዛበት ቀይ አፈር ለክረምት ጥሩ መሬት ነው። አንድ ተንኮል ግን አለው። ለስለስ ያለ ካፊያ ሲነካው ከላይ ስስ ድጥ ይሠራል። ከታች ደረቅ፣ ከላይ ቅባት። ዶፍ ከጣለ በኋላ ያለው ቀይ አፈር ከካፊያው ቀን የተሻለ የሚይዘው ለዚህ ነው። ዶፉ ላዩን አጥቦ ጠጠሩን ያወጣዋል።

ሬድ አሽ የክረምቱ ወርቅ ነው። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይና ጥቁር ጠጠር ነው። ብሎኬት የሚያመርቱና መንገድ የሚሞሉ ሰዎች በመኪና ሲጭኑት አይታችኋል። ውሃ ወዲያው ያሳልፋል። እንዲያውም በጋ ላይ ልል ሆኖ ጎማ የሚያሰጥመው ጠጠር፣ ሲረጥብ ጠጠር ከጠጠር ተያይዞ ይጠነክራል። ቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት ኮረብቶች በዚህ የተሞሉ ናቸው። ሐዋሳ ያላችሁ ደግሞ እናንተ ዘንድ ያለው አሸዋማ የእሳተ ገሞራ አፈር ተመሳሳይ ጠባይ አለው፤ ዝናብ አባርቶ ብዙም ሳይቆይ ይነዳል።

አንድ ቦታ ደርሳችሁ አፈሩ ያጠራጠራችሁ እንደሆነ ሦስት ነገር አድርጉ።

መጀመሪያ እርጥቡን አፈር ዘገን አድርጋችሁ በመዳፋችሁ መካከል አሹት። እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ፣ ከዚያም ቀጥኖ ሳይበጠስ ከታጠፈ ሸክላው ብዙ ነው፤ ጎማችሁም ላይ እንዲሁ ይጣበቃል። ከተፈረካከሰ ይነዳል።

ቀጥላችሁ በተረከዛችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እርገጡ። ውሃ ወደ ላይ ካቆረ መሬቱ ጠግቧል። የተረከዙ ጉድጓድ ጠርዙ ቆሞ ውስጡ ደረቅ ከሆነ ግቡ።

በመጨረሻ ሃያ ሜትር ያህል ነድታችሁ ወደ ኋላ ዙሩና የጎማችሁን ዱካ እዩ። የጎማው ጥርስ ታትሞ ብቻ ከቀረ መልካም ነው። ጎማው ራሱ ቦይ ከቆፈረ ያ መንገድ ለዛሬ አይደለም።

2. በካርታ አጣሩ

ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ የሳተላይት ምስሎችን ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። የጥርና የየካቲትን ምረጡ። ክረምት ላይ ደመናው ይሸፍነዋል። በጋ ላይ ግን የታረሰው ማሳ ቀለሙን ያሳያል። የጠቆረውን ሜዳ እርሱት። ቀላ ያለ ተዳፋት፣ ቁልቁል የሚወርድ ሸንተረር፣ ወይም ጎኑ የተቦረቦረ ቀይ ኮረብታ ስታዩ ምልክት አድርጉ። ቀይ የተቦረቦረ ኮረብታ የሬድ አሽ ማውጫ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ቀጥሎ የመንገዱን አቀማመጥ እዩ። በሸንተረር ጀርባ የሚሄድ መንገድ ውሃውን በሁለቱም በኩል ይጥላል። በሸለቆ ወለል የሚሄደው የሁሉንም ውሃ ይቀበላል። ተዳፋቱን በቀጥታ ሽቅብ የሚወጣ መንገድ ክረምት ላይ ራሱ ጅረት ይሆናል። ተዳፋቱን አግድም እየቆረጠ የሚሄደውን ምረጡ።

ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ጉግል የማያሳያቸው የእግር መንገዶች አንዳንዴ ይገኛሉ። ስትራቫ የሚባለው የስፖርተኞች መተግበሪያ ላይ ያለው «ሂትማፕ» ብዙ ሰው የሚነዳበትን መስመር አድምቆ ያሳያል። መቼ እንደነዳ ግን አይነግራችሁም። በጋውንና ክረምቱን ቀላቅሎ ስለሚያሳይ፣ ደማቅ መስመር አየሁ ብላችሁ ነሐሴ ላይ ሱሉልታ ሜዳ እንዳትገቡ። ካርታው የምትጠይቁትን ያዘጋጅላችኋል እንጂ አይመልስላችሁም።

3. ሰው ጠይቁ

የሚመልሰው በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚሄደው ሰው ነው። በክረምት የትኛው መንገድ እንደሚያስኬድ ከአህያ ነጂ በላይ የሚያውቅ የለም። አህያ ድጥ ላይ ከተንሸራተተ ጭነቱም አህያውም ይጎዳል። ስለዚህ ክረምት ላይ የሚመርጠው መንገድ የተፈተነ ነው።

ጥያቄውን በትክክል ጠይቁ። «መንገዱ ጥሩ ነው?» ካላችሁ «አዎ ጥሩ ነው» ትባላላችሁ፤ እንግዳን ላለማስቀየም። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «አባቴ፣ ዶፍ በጣለ ማግስት በዚህ በኩል አህያ ይሄዳል?» ወይም «እናቴ፣ ልጆቹ ክረምት ላይ በየት በኩል ነው የሚመላለሱት?» መልሱ ወዲያው ይለወጣል። «በዚህ አይሆንም፤ በላይ በኩል ዙሩ» ይሏችኋል። ያ «በላይ በኩል» የሚሉት የምትፈልጉት መንገድ ነው።

ሱሉልታ፣ መናገሻ ወይም ቢሾፍቱ ገጠር ስትገቡ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሩ። «አካም» ማለት እንኳ ፊት ያፈታል። ከብስክሌቱ ወርዳችሁ፣ ሄልሜታችሁን አውልቃችሁ ሰላም በሉ። ከኮርቻ ላይ ሆኖ ሽማግሌ መጠየቅ ነውር ነው። እግረ መንገዳችሁንም ስለ አካባቢው ሰላም ጠይቁ። አትሂዱ ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ተመለሱ።

ሁለት ዓይነት መንገድ ደግሞ ሳትጠይቁም ልትገምቱ ትችላላችሁ። አንደኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ነው። ደጋ ላይ ብዙ አድባራት ከፍታ ላይ ናቸው፤ ምእመኑም ክረምት ከበጋ ይመላለሳል። መንገዱ በድንጋይ ተጠቅጥቆ፣ ውሃው መውረጃ አግኝቶ ታገኙታላችሁ። በበዓል ቀንና በቅዳሴ ሰዓት ግን በዚያ አትንዱ። በፍልሰታ ጾም፣ ማለትም ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በየቀኑ ቅዳሴ ስላለ ሰዓቱን አስቡበት። ሁለተኛው የድንጋይ ካባ መንገድ ነው። ገልባጭ መኪና የሚመላለስበት መሬት ጠጣር ካልሆነ ሥራው ይቆማል። እሑድ መኪና ሲቀንስ ሂዱ። ከካባው አፍ ግን ራቁ፤ ዝናብ የጠጣ ጠርዝ ይናዳል።

4. ሰዓቱን ምረጡ

አዲስ አበባ ላይ በዓመት ከሚዘንበው ዝናብ ግማሽ ገደማው በሐምሌና በነሐሴ ነው የሚወርደው። ግን ቀኑን ሙሉ አይዘንብም። ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ይመጣል። ጠዋቱ ክፍት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ወጥታችሁ እስከ 5 ሰዓት ብትመለሱ ጥሩ ዕድል አላችሁ።

ፀሐይ የምትወጣው ጠዋት፣ የምትሸፈነው ከሰዓት ከሆነ፣ ክረምት ላይ ቀድሞ የሚደርቀው ወደ ምሥራቅ የሚያየው ተዳፋት ነው። ወደ ምዕራብ የሚያየው ተራው ሲደርስ ደመናው ይመጣበታል። ሁለት እኩል የሆኑ መንገዶች ካሏችሁ የምሥራቁን ያዙ። ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም፤ ልዩነቱ ግን በዓይን ይታያል።

«ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይባላል። ለሰማዩ ልክ ነው፤ ዝናቡ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ መቀነስ ይጀምራል። ለመሬቱ ግን ገና ነው። አፈሩ ከሰኔ ጀምሮ ሲጠጣ ስለቆየ ከፍተኛውን ውሃ የሚይዘው በዚያን ሰሞን ነው። ሰማዩ ጠራ ብላችሁ ወደ ዝቅተኛው መሬት አትቸኩሉ።

የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ያወጣል፤ ሳምንቱን ለማቀድ ይጠቅማል። ለነገ ጠዋት ግን የዛሬ ሌሊቱን ዝናብ ማዳመጥ አይጎዳም። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ሲያስተጋባ ካደረ ሬድ አሽ ወይም አስፋልት። ምሽት ላይ ጥሎ ካባራ ቀይ አፈር።

5. ከየት ልጀምር?

እንጦጦ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ቅርብ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ አፈሩም ድንጋይ የበዛበት ነው። ለጀማሪ የምመክረው ከሽሮ ሜዳ በአስፋልቱ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጣት ነው። አናቱ ላይ ሸንተረሩን ይዛችሁ በጠጠሩና በድንጋዩ መንገድ ነድታችሁ፣ መልሳችሁ በአስፋልቱ መውረድ ትችላላችሁ። በዚህ መንገድ ጭቃው ቢያስቸግራችሁ ከአስፋልቱ ብዙም አትርቁም። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም የተሠራ የብስክሌት መንገድ አለው። ዝናብ ለበረታበት ቀን እሱ ይሻላል።

ወደ ጫካው ስትገቡ ግን ባሕር ዛፉን ተጠንቀቁ። የወደቀው ቅጠልና ልጣጭ ከሥሩ ያለውን ይደብቃል፤ ሲረጥብም ያንሸራትታል። ሥር ስታዩ ፍሬን ሳትይዙ፣ ጎማችሁን ቀጥ አድርጋችሁ እለፉት። በአግድም ከነካችሁት ብስክሌቱ ከሥራችሁ ይሄዳል።

ሌላም ነገር አለ። እንጦጦ ላይ የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ጀርባቸው ላይ ያለው ሸክም ከራሳቸው የሚከብድበት ጊዜ አለ። ድጥ ላይ እግራቸውን አንዴ ካሳቱ መነሣት ከባድ ነው። ገና ከሩቅ ስታዩአቸው ቁሙ፣ ከመንገዱ ውጡ፣ ሰላም በሉ፣ አሳልፏቸው። መንገዱ ከእናንተ በፊት የእነሱ ነው።

ቢሾፍቱ ሁለተኛው ምርጫ ነው፤ ለእኔ ደግሞ የክረምቱ ምርጥ። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ሞቅ ይላል። የሬድ አሽ ኮረብቶቹ ሌሊት ዘንቦባቸው ጠዋት ይነዳሉ። ጥንቃቄው አንድ ነው። ኮረብታው ሬድ አሽ፣ ዙሪያው ያለው ሜዳ ግን ዋልካ ነው። ከኮረብታ ወደ ኮረብታ በአቋራጭ በማሳ ልሻገር ብትሉ በመቶ ሜትር ውስጥ ትያዛላችሁ። በጠጠር በተሞላው መንገድ ዙሩ። ቢረዝምም ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ። ከአዲስ አበባ ስትሄዱ በሚኒባስ ጭናችሁ ወይም በአሮጌው መንገድ ሂዱ፤ በአዳማው ፈጣን መንገድ ብስክሌት አይገባም።

መናገሻ ሱባ ጫካ ውብ ነው። ወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ያለ የጽድና የዝግባ ደን ነው፤ ጉሬዛና ዱኩላ ታያላችሁ። ለሐምሌ ግን አልመክረውም። ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፉ ለረጅም ሰዓት ያንጠባጥባል፣ ፀሐይም ወደ ውስጥ አይገባም። የጫካውን ዋና መንገድ ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሁን። ቀጫጭኖቹን ለመስከረም ማብቂያ አቆዩአቸው።

ሱሉልታ ሜዳ በክረምት አይነዳም። ውሃ ይተኛበታል። ከእንጦጦ ጀርባ ስትወርዱ ሜዳው አረንጓዴና ለስላሳ ሆኖ ይጠራችኋል። አትስሙት። ዳር ዳሩን በአስፋልቱ ሂዱ።

ይህ ሁሉ ያልሆነበት ቀን፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ያለውን ዳገታማ ኮብልስቶን ሽቅብ ሽቅብ ምቱት። ቁልቁል ስትመለሱ ግን በዝግታ፤ የረጠበ ኮብልስቶን ከቀይ አፈር አይሻልም።

6. መቼ እንደምትመለሱ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ

መንገድ ላይ ሆኖ መወሰን ይከብዳል። ጓደኛ አለ፣ እልህ አለ፣ «ትንሽ ወደፊት ይሻላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። ጎማው ቦይ መቆፈር ከጀመረ እንመለሳለን። ጎማው በጭቃ ተይዞ ሁለቴ ከቆመ እንመለሳለን። ሰማዩ ካጉረመረመ እንመለሳለን። በቃ።

ይህ ለእናንተ ብቻ አይደለም። እርጥብ መሬት ላይ ጎማ የቆፈረው ቦይ የሚቀጥለውን ዝናብ ይስባል። ውሃው በዚያው ይሮጣል፣ ያሰፋዋል፣ ክረምቱ ሲያልቅ ጉድባ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ተዳፋት ላይ አፈር አንዴ ከሄደ አይመለስም። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ፋውንቴንሄድ ፓርክ ውስጥ ያለው የማውንቴን ባይክ መንገድ መሬቱ ሲረጥብ ይዘጋል። እስኪጠነክር ማንም አይገባም። አዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት የእግር መንገዶች ላይ እንዲህ ብሎ የሚዘጋ አካል የለም። ዘጊው እኛው ነን።

ኩሬ ሲያጋጥማችሁ ዳር ዳሩን እየዞራችሁ መንገዱን አታስፉት። ከሥሩ ጠጠር መሆኑን ካወቃችሁ በመሐሉ እለፉ። ካላወቃችሁ ወርዳችሁ ብስክሌቱን አንሡ። ዋልካ የሆነች አጭር ቦታ ከመጣችም እንዲሁ፤ አትግፉት፣ ተሸከሙት። ሲገፋም ጎማው ይጠቀልላል። ጭቃ ሸሽቶ ወደ ማሳ መግባት ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የገበሬው ቡቃያ ይረገጣል፣ እናንተም ይብሳችኋል።

7. ብስክሌቱን አሰናዱ

ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ጥርሱ ረዘም ያለና የተራራቀ ጎማ ካገኛችሁ ጭቃውን ይጥላል። በቂ ክፍተት መኖሩን ግን እዩ፤ በጣም ሰፊ ጎማ ፍሬኑ ጋ ጭቃ ያጠራቅማል። ንፋሱን ከበጋው በ2 ወይም በ3 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ቀንሱት። ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ከሆነ ከዚያ በላይ አትቀንሱ፤ ድንጋይ ላይ ይቆነጠጥና ይፈነዳል።

ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዝ ፍሬን ያላችሁ ክረምት ላይ ላስቲኩ ቶሎ እንደሚያልቅ እወቁ። አሸዋው ይፈጨዋል። መለዋወጫ ይዛችሁ ውጡ። ዲስክ ፍሬን ካለ በጣም ይሻላል። ከፍ ካለ ቦታ በአስፋልት ከመውረዳችሁ በፊት ፍሬኑን ደጋግማችሁ ነካ ነካ አድርጉት፣ ውሃው ይውጣለት።

ፓራፋንጎ ካላችሁ ከፊት ያለውን ብቻ ግጠሙ። ዓይናችሁን ከጭቃ ያድንላችኋል። ሙሉው ግን ጭቃ ያጠምዳል።

ልብስ ላይ ጥጥ አትልበሱ። እንጦጦ አናት ላይ የረጠበ ጥጥ ልብስና ንፋስ ሲገናኙ ብርዱ አጥንት ይገባል። ንፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬትና ደረቅ ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ። ስልካችሁንም እንዲሁ።

8. መብረቅና ወንዝ

እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ። ነጎድጓዱ ሰላሳ ሳትቆጥሩ ከደረሰ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ይደርስባችኋል። ወዲያው ከሸንተረሩ ውረዱ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ።

ከእንጦጦ የሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች በድንገት ይሞላሉ። እናንተ ያላችሁበት ሳይዘንብ ላዩ ላይ ዘንቦ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ስትሄዱ የተሻገራችሁት ጅረት ስትመለሱ ሌላ ይሆናል። ውሃው ከደፈረሰና ወለሉ ካልታየ አትሻገሩ። ብስክሌት ይዞ መሻገር ደግሞ ይብሳል፤ ውሃው ጎማውን ይዞ ይጎትታችኋል። መንገድ ስትመርጡ ሳትሻገሩ የምትመለሱበትን ምረጡ።

ብቻችሁን አትውጡ። የምትሄዱበትን ቦታና የምትመለሱበትን ሰዓት ለቤት ሰው ተናገሩ።

9. ስትመለሱ

ጭቃው ሳይደርቅ እጠቡ። በባልዲና በጨርቅ ይበቃል። ላቫጆ ከወሰዳችሁት ልጁን በትሕትና ንገሩት፤ ውሃውን በግፊት ወደ ጎማው እምብርትና ወደ ፔዳሉ መሐል እንዳይለቀው። ውሃው ግሪሱን አጥቦ ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ አድርቃችሁ ለእርጥብ ወቅት የሚሆን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉለት፤ ከዚያ የተረፈውን ጥረጉት። ብዙ ዘይት ብዙ አሸዋ ይሰበስባል።

እጃችሁን ታጥባችሁ ሻይ ስትጠጡ ስልካችሁን አውጡና ካርታው ላይ ጻፉ። ቀኑን፣ ሌሊቱን ዘንቦ እንደነበር፣ አፈሩ ምን እንደነበር፣ የት ላይ እንደተያዛችሁ። በአረንጓዴ የተነዳውን፣ በቀይ ያልሆነውን አስምሩ። ከዚያ ጥር ወይም የካቲት ላይ ወደ ቀዩ ቦታ ተመልሳችሁ መሬቱን እዩት። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለበት ዋልካ ነው፤ ለክረምት ለዘለዓለሙ ሰርዙት። ስንጥቅ ከሌለው፣ ያስቸገራችሁ የውሃ መውረጃ ማጣት ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን ፈልጉ፣ ከፍ ብሎ የሚሄድ ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ በአካባቢው የሚኖረውን ሰው ጠይቁ።